ውሃው በበር አልገባም

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረ። ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርድ ጀመር፤ እርስ በርስ መሰማማት እስኪያቅተን ድረስ። ሰፈራችን ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወረድ ብሎ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የግቢው በር ሥር አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ እንደረድራለን። የዚያን ቀንም ደርድረን፣ በረንዳ ላይ ቆመን በሩን በሩን እናያለን። ውሃው መንገዱ ላይ እየጋለበ ያልፋል፤ ወደ ግቢ ግን አልገባም። ተመስገን ብዬ ወደ ቤት ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ካልሲዬ ራሰ።

ጎርፉ ቤት ውስጥ ነበር። የገባው በበር አይደለም። ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል፣ ከሻወሩ ሥር ካለችው ቀዳዳ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። ቀለሙ የመንገዱ ጭቃ ነው። ምንጣፉን ጠቅልለን፣ የልጆቹን ደብተር አልጋ ላይ ሰቅለን፣ በባልዲ ስንቀዳ አመሸን። ዝናቡ ካባራ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያችው ቀዳዳ የቀረውን ውሃ መልሳ ዋጠችው።

ነገሩ ከረመብኝ። ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ይሄዳል እንዴ? ደግሞ ከእኛ ሁለት ቤት ወረድ ብሎ ያለው ጎረቤት ቤት ጠብታ አልገባም። ሁላችንም የምንለው «ዘንድሮ ዝናቡ በዛ» ነው። ሊበዛ ይችላል። ግን ለእኔም ለጎረቤቴም እኩል ነው የዘነበው። እኔ ረጥቤ እሱ ለምን ደረቅ እንደሆነ የዝናቡ ብዛት አይነግረኝም። መልሱን ያገኘሁት ውሃውን ከጣራ እስከ ዲች፣ ማለትም እስከ መንገድ ዳሩ የጎርፍ ቦይ ተከትዬ፣ ሜትርና ሰዓት ይዤ ስለካ ነው። እዚህ የምጽፈውም የከተማዋ ዳር ሰፈሮች ችግር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው፤ አራብሳም ብትሉ፣ ኮዬ ፈጬም፣ ገላንም፣ ጀሞም።

ፈሳሽ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ የት እንደሚፈጥን፣ የት እንደሚጠራቀም የሚያጠናው የፊዚክስ ዘርፍ ፍሉይድ ዳይናሚክስ ይባላል። ስሙ ያስፈራል። የግቢን ውሃ ለመረዳት የሚያስፈልገን ክፍሉ ግን ማባዛት፣ ማካፈልና ሩት ማውጣት ብቻ ነው። ደጋግሞ የሚነግረንም አንድ ነገር ነው። ቤት የሚያጥለቀልቀው የውሃው ጠቅላላ ብዛት አይደለም። ውሃው በስንት ደቂቃ ደረሰ? በመንገዱ ላይ ያለችው ጠባብ ጉሮሮስ በሰከንድ ስንት ሊትር ታሳልፋለች? ከመጣው የምታሳልፈው ካነሰ ቀሪው የሆነ ቦታ መቆም አለበት። የሚቆመው ደግሞ የሰው ቤት ነው።

ጠፈጠፍ በሊትር

ከጣራው እንጀምር። አንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ልክ 1 ሊትር ነው። ይህችን የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቤት 100 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ጣራው ቢያዘነብልም የሚቆጠረው ከላይ ሲታይ የሚሸፍነው መሬት ነው። አሁን በሰዓት 60 ሚሊሜትር የሚሆን ዝናብ ወረደ እንበል። በደቂቃ 1 ሚሊሜትር ማለት ነው። ጣራው በየደቂቃው 100 ሊትር ያወርዳል። አምስት ጄሪካን በደቂቃ!

እንዲህ ያለ ዝናብ አንድ ሰዓት ሙሉ አይዘልቅም። አሥር ወይም ሃያ ደቂቃ ይወርድና ይቀዘቅዛል። ለጎርፍ ግን ሃያ ደቂቃ በቂው ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ያ ሁሉ ውሃ በቀስታ ቢወርድ ኖሮ ማናችንም አናስተውለውም ነበር። የሚጎዳን ጥድፊያው ነው።

የእናንተን ሰፈር ዝናብ መለካት ከፈለጋችሁ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ዛፍና ጣራ የማይከልለው ቦታ አስቀምጡ። ዝናቡ ሲጠነክር ሰዓት ያዙ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በማስመሪያ ለኩት። 10 ሚሊሜትር ከተጠራቀመ ያልኩት ዓይነት ዝናብ ነው። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል።

ከጣራው ቀጥሎ አሸንዳ አለ። ብዙ ሰው አሸንዳው ሞልቶ ሲፈስበት «ጠበበ» ብሎ ሰፋ ያለ ያስገጥማል። በሚቀጥለው ዝናብ ያው ይፈሳል። ምክንያቱም ጉሮሮው አሸንዳው አይደለም። ጉሮሮው ወደ መውረጃው ቱቦ የሚያስገባው አፍ ነው። ቶሪቼሊ የሚባል ጣሊያናዊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያገኘው ሕግ አለ፤ በቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ፍጥነቱ የሚወሰነው ከቀዳዳው በላይ በቆመው ውሃ ጥልቀት ነው። አሸንዳው ውስጥ 5 ሳንቲሜትር ውሃ ከቆመ በአፉ የሚገባው ውሃ ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ነው። ውሃው ጠርዙን ሲዞር ስለሚጠብ ከቀዳዳው ስፋት የሚሠራው 60 በመቶው ብቻ ነው። ይህን ስናሰላ ባለ 50 ሚሊሜትር ቱቦ በሰከንድ 1.2 ሊትር ያህል ይውጣል። ባለ 75ቱ 2.6 ገደማ፣ ባለ 110ሩ 5.6 ሊትር ያህል።

የእኛ 100 ካሬ ሜትር ጣራ በዚያ ዝናብ በሰከንድ 1.7 ሊትር ያወርዳል። አንዲት ባለ 50 ቱቦ ብቻ ካለችው አለቀለት። ዝናቡ ለአምስት ደቂቃ እንኳ እጥፍ ቢሆን ባለ 75ቱም አይችልም። ልብ በሉ፣ የውሃውን ጥልቀት እጥፍ ብታደርጉት የሚያልፈው ውሃ የሚጨምረው በ40 በመቶ ብቻ ነው። የቱቦውን ዲያሜትር እጥፍ ብታደርጉት ግን አራት እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ ገንዘባችሁን አሸንዳ በማጥለቅ አታጥፉ፤ አፉን አስፉ፣ ወይም ሁለተኛ መውረጃ ጨምሩ። አንዲት የባሕር ዛፍ ቅጠል አፉ ላይ ተለጥፋ ይህን ሁሉ ስሌት ከንቱ እንደምታደርግም አትርሱ።

ዲቹ የሚሸከመውና የሚደርስበት

አሁን ከግቢ እንውጣ። በእኛ መንገድ ላይ 30 ያህል ቤቶች ወደ አንድ ዲች ያፈስሳሉ። እያንዳንዱ ግቢ 150 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል ቆርቆሮ፣ ሊሾ ወይም ታይልስ ለብሷል። መንገዱ ሲጨመር 6,000 ካሬ ሜትር ይሞላል። በዚያው ዝናብ ከሚወርደው 90 በመቶው ወደ ዲቹ ይሄዳል ብንል በሰከንድ 90 ሊትር ነው።

ዲቹ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲሜትር። ቁልቁለቱ በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ይወርዳል። ስንት ይሸከማል? ሮበርት ማኒንግ የተባለ አየርላንዳዊ መሐንዲስ በ1889 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ቀመር አለ፤ እስከ ዛሬ የቦይ መሐንዲሶች ሁሉ ይጠቀሙበታል። ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ቁልቁለቱን፣ የግድግዳውን ሸካራነትና ውሃው ከግድግዳ ጋር የሚነካካበትን መጠን። 25 ሳንቲሜትር ሞልቶ ሲሄድ ይህ ዲች በሰከንድ 103 ሊትር ያህል ይሸከማል። ከ90 ይበልጣል። የሠራው ሰው አልተሳሳተም ማለት ነው።

አሁን ግማሹን ደለል ይሙላው። ሰው ሁሉ «እንግዲህ ግማሹን ይሸከማል» ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን አይደለም። ውሃ ከግድግዳና ከወለል ጋር በተሻሸ ቁጥር ይዘገያል። ጥልቅ ሆኖ ሲፈስ የሚሻሸው ጥቂቱ ነው፤ መሐሉ እንደ ልቡ ይሮጣል። ስስ ሆኖ ሲፈስ ግን ሁሉም ወለሉን እየላሰ ነው የሚሄደው። ወለሉም አሁን ለስላሳ ሲሚንቶ ሳይሆን ጠጠር፣ ፌስታልና የኃይላንድ ጠርሙስ ነው። ቀመሩ ውስጥ ሲገባ 103 የነበረው 21 ሊትር ይሆናል። ግማሽ ደለል አምስት እጅ ከነበረው አቅም አራቱን ወሰደ! ይህን ቁጥር ሳገኝ ሦስቴ ደግሜ ነው ያሰላሁት። ከዚያ ወዲህ ዲች ጥግ የተከመረ አሸዋ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ሌላም ጉሮሮ አለ፤ የሚያሳዝነው እኛው ራሳችን የሠራነው መሆኑ ነው። መኪና ወደ ግቢ ለማስገባት ዲቹን መሻገር ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለቤት በሩ ፊት ዲቹ ውስጥ ቱቦ ያጋድምና በላዩ አርማታ ይሞላል። እኔም ቤቱን ስሠራ ገበያ ላይ ያገኘሁትን ባለ 20 ሳንቲሜትር ቱቦ ቀበርኩ። ዲቹ አፍ ድረስ ሞልቶ ሲገፋው ያ ቱቦ የሚያሳልፈው በሰከንድ 37 ሊትር ገደማ ነው። 90 መጥቶ 37 ካለፈ 53 ሊትር ይቀራል። በሃያ ደቂቃ ከ60 ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ ነው፤ ከ3,000 ጄሪካን የሚበልጥ። ይህ ሁሉ ከበሬ በላይ ቆሞ ነበር። ሁለት ቤት ወረድ ብሎ ያለው ጎረቤቴ ደረቅ የሆነው ለዚህ ነው። ቱቦዬ ውሃውን ለእሱ አግዶለታል፤ ለእኔና ከእኔ በላይ ላሉት ደግሞ አጠራቅሞብናል።

ቁልቁለት ላይ ያላችሁ ሰዎች «እኛ ጋ ውሃ አይቆምም» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ግን ቁልቁለቱ ያለቀበት ቦታ ያለውን ሰው ጠይቁት። አንድ ነገር ሞክሩ። የማጠቢያ ሲንክ ውስጥ ቧንቧ ክፈቱ። ውሃው ከወደቀበት ዙሪያ ስስና ለስላሳ ክብ ይሠራል፤ ከዚያ በድንገት ወፈር ብሎ ይነሳል። ውሃ ፈጥኖ መጥቶ የሚዘገይበት ቦታ ሲደርስ እንዲህ ይዘላል። መንገድ ላይም ያው ነው። በሰከንድ 2 ሜትር እየሮጠ 10 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጎርፍ ሜዳው ላይ ሲደርስ ባንዴ ወደ 24 ሳንቲሜትር ሊነሳ ይችላል። ደጃፉን 20 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ የሠራ ሰው ከላይ ሲያየው 10 ሳንቲሜትር የነበረው ውሃ እንዴት ደጃፉን እንደተሻገረ አይገባውም። ከእንጦጦ አናት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ፣ እስከ አቃቂ ሜዳ ድረስ ከተማዋ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት አላት። ቁልቁለቱ የሚያልቀው እኛ ዘንድ ነው።

ዋልካና ፈሰስ

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ከኮረብታው ወረድ ሲሉ ግን የእኛ ሰፈር አፈር ጥቁር ነው፤ ዋልካ። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። የግንቦትና የሰኔ ዝናብ ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ይጠፋል፤ መሬቱ ይጠጣዋል። ሐምሌ ሲጋመስ ሸክላው ያብጥና ስንጥቁን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ፕላስቲክ እንደተነጠፈበት ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ ምንም ያላደረገ ዝናብ ነሐሴ ላይ ቤት ያጥለቀልቃል። ሰኔን በሰላም ያለፈ ሰው «ዘንድሮ ተርፈናል» ብሎ ይዘናጋል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው።

ገበሬው ይህን ያውቅ ነበር። ይህ ሁሉ መንደር ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ማሳ በነበረ ጊዜ ዋልካውን ሲያርስ ፈሰስ ያወጣ ነበር፤ ማሳውን አግድም የሚያቋርጥ፣ ውሃውን በቀስታ ወደ ዳር የሚያወጣ ቦይ። ሽምብራውን ደግሞ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር የሚዘራው፤ መሬቱ በያዘው እርጥበት እንዲያድግ። እኛ ስንመጣ ፈሰሱን ደፍነን መሠረት ቆፈርንበት። ውሃው ግን ድሮ የሚያውቀውን ዝቅታ ነው የሚከተለው። ቤት ልትሠሩ መሬት ስታዩ፣ አካባቢውን በእርሻነቱ የሚያውቅ አዛውንት ፈልጋችሁ «አባባ፣ ፈሰሱ የት በኩል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የትኛውም ካርታ ላይ የሌለ መረጃ ነው።

ዋልካ ሌላም ተንኮል አለው። ሲያብጥ በላዩ ያለውን ስስ አርማታ ያነሳል። የግቢያችሁ ሊሾ በ3 ሜትር ውስጥ 3 ሳንቲሜትር ዝቅ እንዲል ተደርጎ ቢሠራ፣ አፈሩ አንዱን ጫፍ 3 ሳንቲሜትር ቢያነሳው ቁልቁለቱ ጠፋ። ከዚያ በላይ ካነሳው ውሃው ወደ ቤት ይዞራል። በተሠራ ጊዜ ልክ የነበረ ነገር ከሦስት ክረምት በኋላ ልክ ላይሆን ይችላል። እንደገና መለካት አለበት።

የግንበኛው ቱቦ

ወደ መታጠቢያ ቤቴ ልመለስ። እንቆቅልሹን የፈታልኝ ግንበኛ ነው። ሲመጣ የያዘው መዶሻና አንድ ረጅም፣ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ነበር። ቱቦውን ውሃ ሞላና አንዱን ጫፍ «እትዬ፣ ይቺን ሻወሩ ጋ ያዙልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ሌላውን ይዞ በመስኮት ወጣ፣ ግቢውን አቋርጦ ዲቹ ጋ ቆመ። ውሃው ሁለቱም ጫፍ ላይ ተወዛውዞ ቆመ። በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ነው፤ መሐሉ የትም ቢጠማዘዝ፣ አጥር ቢዘል። ቋንቋችን መለኪያውን ውሃልክ ያለው በከንቱ አይደለም። እሱ ዲቹ ጠርዝ ላይ፣ እኔ ወለሉ ላይ ለካን። የሻወሬ ቀዳዳ ከዲቹ ጠርዝ 12 ሳንቲሜትር ዝቅ ብላ ተገኘች።

በቃ፣ ይኸው ነው ምስጢሩ። ቤቱ ሲሠራ የሻወሩ ውሃና የጣራው ውሃ አንድ ማንሆል ገብተው፣ በአንድ ቱቦ ወደ ዲቹ እንዲወጡ ተደርጓል። ሥራው እንዲቀል ተብሎ የተደረገ ነው። ሻወርን የጎርፍ ዲች ውስጥ ማፍሰስ ራሱ ነውር ነው፤ ያኔ አልጠየቅኩም። ዲቹ ሲሞላና ቱቦዬ ሲያግደው ዲቹና መታጠቢያ ቤቴ የግንበኛው ቱቦ ሁለት ጫፍ ሆኑ። ውሃው ሽቅብ የወጣ መሰለኝ እንጂ እንደ ወጉ ልኩን ነበር የሚፈልገው። በሩ ሥር የደረደርኩት ማዳበሪያም ውጪ ያለው ውሃ ከፍ ብሎ እንዲቆም ከማድረግ በቀር አልጠቀመኝም።

መፍትሔው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ የጣራውን ውሃ ከቤቱ ውሃ መለየት፤ የመታጠቢያ ቤቱ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ፣ ጠፈጠፉ በራሱ ቱቦ ወደ ዲቹ። ሁለተኛ፣ ወደ ዲቹ በሚወጣው ቱቦ ጫፍ ላይ ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ ማስገጠም። ቫልቩ ሲዘጋ የራሳችሁ የጣራ ውሃም መውጫ እንደሚያጣ ግን እወቁ። ዲቹ እስኪጎድል የሚቆይበት ቦታ ይፈልጋል።

ስለ አጥር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም፤ የሰው ሕይወት ያለበት እሱ ላይ ነውና። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰው ጎርፍ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። በየክረምቱም ግንብ ተደርምሶ ሰው ጎዳ የሚል ዜና እንሰማለን። የብሎኬት አጥር ነፋስና ሌባ ለመከላከል እንጂ ውሃ ለመገደብ አይሠራም። ከጀርባው 50 ሳንቲሜትር ውሃ ከቆመ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 125 ኪሎ ያህል ይገፋዋል። ውሃው 1 ሜትር ሲደርስ ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ፣ 500 ኪሎ ይሆናል። በ10 ሜትር አጥር ላይ ሃምሳ ኩንታል ተደገፈበት ማለት ነው፤ የአንድ አይሱዙ ጭነት። የመገልበጥ ኃይሉ ደግሞ ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ ምክንያቱም የሚገፋበት ቦታም ከፍ ይላል።

ብዙ ሰው የማያምነኝን ነገር ልጨምር። ግፊቱ የሚወሰነው በጥልቀቱ ብቻ ነው፤ ከጀርባ ያለው ውሃ ሐይቅ ይሁን የእጅ ስፋት ያላት ስስ ውሃ ለውጥ የለውም። በአፈርና በግንብ መሐል የገባች ቀጭን ውሃ ጥልቀቷ ሜትር ከሞላ ያንኑ 500 ኪሎ ትገፋለች። ከከፍተኛ ግቢ በታች ያለ ግንብ ሥር በየሁለት ሜትሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ የሚተወው ለዚህ ነው። ቀዳዳው ጎረቤት ላይ ጭቃ ያፈሳል ብላችሁ በሲሚንቶ የደፈናችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ክፈቱት። በዝናብ ጊዜ ልጆች ግንብ ሥር አይቁሙ። ግንቡ ሆዱ ከተነፋ ወይም አዲስ ስንጥቅ ካሳየ እስኪመሽ አትጠብቁ።

ጥድፊያውን ማዘግየት

ሳይንሱ ጥድፊያው ነው ችግሩ ካለን፣ መፍትሔውም ማዘግየት ነው። እዚህ ላይ ሮቶ ያለው ጥቅም ገርሞኛል። 2,000 ሊትር የሚይዝ ባዶ ሮቶ ከ100 ካሬ ሜትር ጣራ የሚወርደውን ውሃ በዚያ ዝናብ ልክ ለሃያ ደቂቃ ይይዘዋል። አደገኛዋን ሃያ ደቂቃ ማለት ነው። የመንገዳችን 30 ቤቶች ሁሉ እንዲህ ቢያደርጉ ወደ ዲቹ የሚሄደው 90 ሊትር ወደ 45 ይወርዳል። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰፈር ደግሞ ለልብስና ለመጸዳጃ የሚሆን በረከት ነው። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ውሃ ግን ድፉት፤ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚመጣው።

አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ሮቶው ከዝናቡ በፊት ባዶ መሆን አለበት። የሞላ ሮቶ ለጎርፍ ምንም አይሠራም። እኔ ከታች ትንሽ ቧንቧ አድርጌበት ቀስ እያለ ወደ አትክልቱ እንዲፈስ ትቼዋለሁ። ግቢን ሙሉ በሙሉ ሊሾ ማልበስንም ብንተው እመርጣለሁ፤ በዋልካ ላይ ሣሩ ብዙ ባይጠጣም ውሃውን ያዘገየዋል።

ይህን ሁሉ በኮምፒውተር የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ስዊም የሚባለው ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ፣ በነፃ የሚገኝ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ሥራ ነው፤ የአንድን ሰፈር ዲችና ቱቦ በሙሉ አስገብቶ በየደቂቃው የት እንደሚሞላ ያሳያል። ለወረዳና ለክፍለ ከተማ ደረጃ ይህ መለመድ ያለበት ይመስለኛል። ለግቢ ግን የግንበኛው ቱቦ፣ ሜትርና የእጅ ስልክ ካልኩሌተር ይበቃሉ። ደግሞም የዲቹን ቁልቁለት በእግሩ ሄዶ ያልለካ ሰው ኮምፒውተር ላይ የሚያየው ጥሩ ሥዕል ብቻ ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የእድር ስብሰባ ነበር። እጄን አውጥቼ ቁጥሮቹን አነበብኩ፤ የእኔን ቱቦ አስቀድሜ። ትንሽ ጉርምርምታ ነበር። አንድ ጋሼ የምንላቸው ጎረቤት «የኔውስ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ወጥተን ለካን፤ 25 ሆነ። በሁለት እሑድ ደለሉን አወጣን። አሥራ አንድ ቤቶች ቱቧቸውን አውጥተው በዲቹ ሙሉ ስፋት የብረት ፍርግርግ አደረጉ፤ የእኔ የመጀመሪያው ነበር። ፍርግርጉ ሲነሳ ጽዳቱም ቀላል ነው።

በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ያ ዓይነት ዝናብ መጣ። ጣሳዬ ላይ በአሥር ደቂቃ 11 ሚሊሜትር አነበብኩ። ማስመሪያ ይዤ በሬ ላይ ቆምኩ፤ ዲቹ ውስጥ ያለው ውሃ ከ22 ሳንቲሜትር አላለፈም። የሻወሩ ቀዳዳ ደረቅ ነበር።

ውሃው ግን ከእኛ አልፎ የሆነ ቦታ ደርሷል። ባለፈው ዓመት ደረቅ የነበረው ያ ጎረቤቴ ዘንድሮ ደጃፉ ድረስ መጣበት፤ ከእሱ በታች መንገዳችን አስፋልቱን የሚያቋርጥበት ቦታ ውሃው ተኛ። አብረን ሄደን አየን። አስፋልቱ ሥር ያለው ቱቦ ስፋቱ 60 ሳንቲሜትር ነው፤ ከግማሽ በላይ ደለል ሞልቶታል። እሱን ለማውጣት የእኛ አካፋ አይበቃም። ልኬቱን፣ ስሌቱንና ፎቶውን አያይዘን ለሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ አስገብተናል። እስኪመልሱልን ድረስ የ14 ቤት ባለቤቶች በየዝናቡ ማግስት ተራ ገብተን አፉን እናጸዳለን። የዚህ ሳምንት ተረኛ እኔ ነኝ።